የሽመላው አንገት

ግሮኒንገን ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ማዶ፣
ዊብረን ይበይዳል ጎንበስ ብሎ ማልዶ።
እኔ ጎማ ነፊው፣ ሒሳብ ያዡም እኔ፣
ስንት ብስክሌት አለፈ በዚያች በበር ጎኔ!
ሁሉም ከኮርቻው ሥር አንድ ዓይነት መጫኛ፦
ሦስት ጥቁር ዘንጎች፣
አንድ ሞላ፣ ጣት ቆንጣጭ፣ እንደ ክፉ ዳኛ።

አንድ ቀን ዊብረን መዶሻውን ጥሎ፣
«ሰዉ አልሰለቸውም ይኸን ጎትቶ ውሎ?»
ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያ ነው የጀመረው።

ብርዱን ሙሉ ሠራ።
አንዱ የዓሣ አጥንት ነው፣ ጎድኑ የተዘረጋ፣
አንዱ እንደ አኮርዲዮን ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣
ሦስተኛው ሽመላ፦
ክንፉ ጭነት ያዢ፣ አንገቱ ወደ ኋላ
ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ምንቃሩ ላይ መብራት፣
ቀይ ዓይን የሚያበራ በጭጋግ፣ በጽልመት።

ሚያዝያ ሲጠባ ሦስቱንም ደርድሮ
ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ ጸጉሩን አበጥሮ።
እኔም ከካርቶን ላይ በእርሳስ አስምሬ
«እሺ»ና «እምቢ»ን ልለቅም ከዛሬ።

መጀመሪያ ሲትስከ፣ የሕክምና ተማሪ፣
አንድ እግሯን አውርዳ፣ አንድ እጇ ከመሪ፦
«ያምራል» አለች፣ «በእውነት። ግን የቢራ ሣጥን
ይችላል ወይ? ሃያ ጠርሙስ፣ ከነሙላቱ ሲሆን?»
ዊብረን ክንፉን አየ።
እኔ «እምቢ» ሥር አንድ ጭረት ጫርኩ።

ቀጥሎ ፖስተኛው፣ ረጅሙ ዳውወ፣ ቸኩሎ፣
የቦርሳውን መንጠቆ ከዓሣው አንጠልጥሎ፣
«ዘንጉ ወፈረብኝ፤ ዐሥር ሚሊ ነው የኔ።
ጥበብ ደስ ይለኛል፤ ግን ደብዳቤ አለኝ እኔ።»

መንታ ልጆች ጭና የመጣች አንዲት እናት
አኮርዲዮኑን ከፍታ፣ ዘግታ፣ ከፍታ ጥቂት፣
«ጣታቸውስ?» አለች።
መልስ አልነበረንም።

ሽማግሌው ኦከ ግን ብዙ ቆየ ቆሞ።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ ብስክሌቱም ታሞ
ሲስል ነው የሚሰማው፣ ካቴናው ዘይት ናፍቆ።
«ሚስቴ» አለ፣ «አርባ ዓመት ከኋላዬ ነበረች።
እኔ ፍሬን ሳልይዝ፣ ሮጣ ነው የምትዘል፣ እንዲያ እንደለመደች።
ሦስት ዘንግ ብቻ ነው፤ ጎኗ ያውቀው ነበር።
ሽመላ ቢሆን ኖሮ ምኑን ትጨብጥ ነበር?»
ከዚያ ቀዩን መብራት አበራ፣ አጠፋ፤
«ግን ትስቅ ነበረ» አለ፣ ፊቱ ሳይከፋ።
ይህን በየትኛው ረድፍ እንደምጭር ጠፋኝ፤
ከመስመሩ ላይ ጫርኩት።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያካፋ ነው ልብ ያልኩት
የአላፊውን ሁሉ ኋላ ኋላውን፦
የወተት ሣጥን በሲባጎ ታስሮ፣
የአልጋ ርብራብ በሽቦ ተጠፍሮ፣
የሶፋ ትራስ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
የላስቲክ ሱፍ አበባ ዙሪያውን ተንጠልጥሎ፣
አንዱ ላይ ድመት፣ ቅርጫቷ ውስጥ ተኮፍሳ፤
ከሁሉም ሥር ሦስቱ ዘንጎች፣ ዝም።
«ዊብረን» አልኩ፣ «ንድፍ የጠላ የለም እኮ፤
የየራሳቸውን ነድፈው ነው የመጡት።»
አልመለሰልኝም።
ክረምት ሙሉ የለፋ ሰው
በአንድ ካርቶን አይጽናናም።

ሲመሽ ሽመላውን ከራሱ ብስክሌት ገጥሞ
ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ትከሻው ተሸብሽቦ፣
ድልድይ ከፋቿ ዬልትየ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣
ሳትጠይቅ፣ ሳታስፈቅድ፣ እንዳገሩ ልማድ
ሮጣ፣ ዘላ፣ ጉብ!

ሲጥጥ አለ ብረቱ።
ክንፉ ወደ ጎን ተንጋደደ፣ አንገቱ ወደ ፊት ተቆለመመ፤
መብራቱ ሽቅብ ዞሮ
የሚወርደውን ዝናብ ቀይ አደረገው።
ሳቀች። እሱ መጀመሪያ አልሳቀም።
እስከ ደጇ አደረሳት፣ የሽመላውን አንገት ጨብጣ፤
ለካ ሲጣመም ነበር
ለእጅ የሚሆነው።

ማለዳ ሊያቃናው መዶሻ ሲያነሣ
ሲትስከ በር ላይ፣ ከነባዶ ሣጥኗ፣ ከነእርጥብ ጸጉሯ፣
ሳትናገር ከተንጋደደው ክንፍ ላይ አስቀመጠችው።
ልክ ገባ።
«ይኼኛውስ» አለች፣ «ዋጋው ስንት ነው?»

ዊብረን መዶሻውን እንዳንጠለጠለ ወደ እኔ ዞረ።
እኔም ካርቶኑን ፈለግኩ፤
ሌሊቱን ዝናብ ሲጠጣ አድሮ
«እሺ»ውም «እምቢ»ውም
አንድ ግራጫ ሆኗል።