ሁለት ቀን ጠብቂ

አባታችን ሲሞት ተራራውን ለሁለት አልከፈለም፤
"አብራችሁ ቅመሱ" አለን፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም።
ወንድሜ ጌርጌይ ጠባቂ፣ እኔ ቸኳይ ነኝ በተፈጥሮ፤
ሠላሳ መከር ተጣላን፣ በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ኑሮ።
"ዝናብ አይታመንም፣ ያለው ቅርጫት ይግባ" እላለሁ፤
"ገና ነው ቦርባላ፣ ገና" ይላል፤
እሱ ምላሱን ያምናል፣ እኔ ሰማዩን አያለሁ።

ዘንድሮ ግን እሱ የለም፤ ሚሽኮልጽ፣ ሆስፒታል ተኝቷል፤
ተራራው ከነጥያቄው እኔ አንገት ላይ ወድቋል።

መጀመሪያ፣ በነሐሴ፣ ወንዙ ዳር ያለውን፣
ጥርስ የሚያጠርሰውን፣ ዓይን የሚያስጨፍነውን
ለቀምኩ። አረፋ ለሚሆነው፣ ሠርግ ላይ ለሚፈነዳው፤
ለእሱ ኮምጣጣነት ነው አጥንቱ፣ ስኳር ነው የሚጎዳው።
እዚህ ላይ ጠብ የለንም፤
ቸኳይ ሰው በዓመት አንዴ ልክ ቢሆን ማንም አይገረምም።

መስከረም ገባ። መካከለኛው እርከን ላይ ወጥቼ
ዘሩን አደመጥኩት፣ በመንጋጋዬ ፈጭቼ፦
አረንጓዴ ከሆነ መራራ ነው፣ ምላስ ጨምድዶ ይይዛል፤
ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ሲቆረጠም ግን ደርሷል።
ቪልሞሽ የስኳር መለኪያውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ
ቁጥር ይጠራል በኩራት፣ ከመስታወቱ ፈልጎ።
ቁጥር ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥር አይጠማም፣ ቁጥር አይሰክርም፤
ደረቅ ወይን የቀዳ ሰው ስለ ቁጥር አይከራከርም።
ሳምንት ቢቀድም ሣር ሣር ይላል፣
ሳምንት ቢዘገይ ይወፍርና ምላስ ላይ ይተኛል።
ማክሰኞ ለቀምን። ለምን ማክሰኞ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤
ሰኞ ማታ የቀመስኳት ፍሬ ናት "ነገ" ያለችኝ።

የቀረው የላይኛው ነው፤ አሥራ አንድ ረድፍ፣ የጌርጌይ ሃይማኖት።
በጥቅምት ከቦድሮግ ወንዝ ጉም ይነሣል በየንጋት፤
ፍሬው ላይ ያርፋል፣ ቆዳውን በሻጋታ ይበሳል፤
ቀትር ላይ ፀሐይ ትመጣና ውሃው ሁሉ ይተናል።
የሚተርፈው ዘቢብ መሳይ፣ አመድ የለበሰ ብስባሽ፤
ላላወቀው የሚጣል ነው፤ ማር ነው ግን ለሚያውቅ ቀማሽ።

ጉሙ ከቀረ ግን፣ ወይ ዝናብ ካከታተለ፣
ያ የከበረ ሻጋታ ተራ ግማት ሆኖ ቀለለ።
አንድ ዓመት "ገና" ሲል፣ "ገና" ሲል፣ ዘጠኝ ቀን ዘነበና
ወፍ እንኳ የናቀው ሆነ፤ ዕዳችን አደገ እንደገና።

ሐሙስ ሌሊቱን አልተኛሁም።
ጣሪያው በተንቋቋ ቁጥር "ዝናብ ነው" እያልኩ ተነሣሁ፤
ባዶ እግሬን ደጅ ቆሜ፣ መዳፌን ለጨለማው ዘረጋሁ።
ደረቅ ነበር። ደረቅ መሆኑም አላሳረፈኝ፤
ቢዘንብ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው በወሰነልኝ።

ዓርብ ሬዲዮው "ከሰኞ ጀምሮ ዶፍ" ሲል
ሰው ጠራሁ። ፍሬ በፍሬ ለቀምነው፣ እጃችን እስኪዝል።
ኤተልካ እንኳ መጣች፣ በሰማንያ ዓመቷ፣ በርጩማ ይዛ፤
ከዘለላው መሃል ጨምዳዳውን ትነቅላለች፣ እንደ ሽበት፣ ሳትፈዛ።
ከፊሉን ግን ሳንመርጥ፣ ከነጤናው ከነሕመሙ፣
በዘለላ ቆረጥነው፤ "እንደ ተወለደ" ነው እኛ ዘንድ ስሙ።

ዛሬ ሚሽኮልጽ ሄድኩ፣ በመሐረብ ሦስት ፍሬ ቋጥሬ፤
ነርሷ ዞር ስትል አንዷን ምላሱ ላይ አኖርኩ፣ ከከንፈሩ አሻግሬ።
ዓይኑን ጨፈነ። መንጋጋው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤
ያ ቧንቧ የገባበት ፊት ለአፍታ ተራራ ለበሰ።
ዘሯን መዳፌ ላይ ተፋት፣ በጣቱ አገላበጣት።
"ሁለት ቀን" አለ። "ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ጉሙ ይጨርሳት።"

በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ጥርት ብሏል፣ ደመና የለው፤
"እሺ" አልኩት። "ሁለት ቀን።" ሌላ ምን ልበለው?

እጄን ግን አልለቀቀም።
ጥፍሬ ሥር ያለውን አየ፦
ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ በሳሙና አልለቅ ያለ።
ጣቶቼን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ቆየ፣ ቆየ፣
ከዚያ እንደ ልጅነታችን፣ ባንድ ጉንጩ ፈገግ አለ።

"ስንት ቅርጫት ሞላ?" አለኝ።