ሃያ ሁለት ግድም፣ አንድ ጉብታ

ከደሴ ወረደ አረቡ ሐሙስ ለት፣
ኦፓሉን በሃይላንድ ውሃ ዘፍቆበት፤
ሐረጎ ሲያጥፈው፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣
ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣልኝ።
«ገዢ ቅዳሜ ይመጣል፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

እኔ ራጅ አነሣለሁ፤ አጥንት ግን አላይም፤
የኔ በሽተኛ ዱቄት ነው፣ አመመኝ አይልም።
ሲሚንቶ፣ ሸክላ አፈር፣ የብረት ዝገት፣
አድቅቄ፣ አልሜ፣ ደልድዬ በመስታወት፣
ለማሽኑ ጉሮሮ ማቅረብ ነው ሥራዬ።
«አድቅቀሽ?» አለ አረቡ፤ «ምን ሆነሻል ጦይባዬ?
የደላንታ ልጅ በገመድ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ
ያወጣውን ድንጋይ?» ጠርሙሱን ሸሸገው፣ ይህን ብሎ።
ቆይቶ ከኪሱ መሐረብ ፈታ፤
ሲሞረድ የተነሣች፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ አወጣ።
«ይቺ ትበቃሻለች?»
ትበቃለች።

መጀመሪያ ግን ማሽኑን ልፈትነው አልኩ፤
ከሸምሲያ ሻይ ቤት አንድ ቁንጥጫ ጨው ለመንኩ።

ጨው ለእኔ አንሶላ ነው።
እናቴ ከጨርቃ ጨርቁ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ፣
ጆሮዋን ለማሽኑ ትታ፣
ጡረታ ወጣች፤ ዛሬ በጣት ነው የምናወራው።
ልጅ ሳለሁ፣ «አንዷን አበባ በደንብ ካየሻት፣
ከእርምጃዋ ጋር ካወቅሻት፣
ጥቅልሉ አለቀ፤ የቀረው መድገም ነው» ትለኝ ነበር።
ጨውም እንዲያ ነው፤ ሶዲየም፣ ክሎሪን፣ ሶዲየም፣ ክሎሪን፣
ድር አለው፣ ማግ አለው፣ ደግሞ ወደ ላይ ሦስተኛ ክር።
ሩብ ዙር አዙረው፣ ያው።
በመስታወት እየው፣ ያው።
ዓይንህን ጨፍነህ ሌላ ሰው ቢገለብጠው
መነካቱን አታውቅም።

ራጁ ከየረድፉ ነጥሮ ይወጣል፤
በአብዛኛው ማዕዘን አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይጥላል፣
ተጣፍተው ዝም። ደግሞ በአንዲት ማዕዘን ላይ፣
እንደ መንዙማ ጭብጨባ፣ ሺህ እጅ አንድ ላይ፣
ጧ!
ወረቀቱ ላይ ወስፌ ቆመ፣ ሠላሳ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፤
አርባ አምስትን አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላው።

ከዚያ የአረቡን ስባሪ አደቀቅኩ።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እሱ ቆሞ፤ እኔ ላቤን ጠረግኩ።
ሃያ ሁለት ግድም አንድ ሰፊ ጉብታ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው የመሰለ፤
ሌላ ምንም የለ።
«ምን አለ?»
«ምንም አላለ።»
«ሐሰት ነው?»
«ሐሰት አይደለም። ክሪስታል አይደለም።»
«የሻይ ቤት ጨው ይህን ሁሉ ሲለፈልፍ
የኔ ድንጋይ አፍ የለውም?»

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።
ማሽኑ አንዴ ተነፈሰና ዝም።
አረቡ ተናዶ ድንጋዩን ከውሃው አወጣ፣
በሸሚዙ ጠርጎ ወደ መስኮቱ ያዘው።
የአሥር ሰዓት ፀሐይ ገባበት፤ አረንጓዴ፤
ዘወር ሲያደርገው ቢጫ፤ ትንሽ ዘንበል፣ ፍም።

ማዕዘን! እሱም በማዕዘን ነው ለካ የሚናገረው።

«ሰኞ ገበያ ብርቱካን ሲከመር አይተሃል?» አልኩት።
«በአራቱ መሃል አንዱ፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንዱ።
የየፍሬው ውስጥ ዝብርቅርቅ ነው፣ ሰልፍ አያውቅም፤
ክምሩ ግን ሰልፍ ነው።
ራጅ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤
አፍንጫዋን ከክሩ ላይ የደቀነች ሸማኔ አበባውን አታይም።
የፀሐይ እርምጃ ግን ልክ የክምሩን ያህል ነው።»

ድንጋዩን አዞረ። ደግሞ አዞረ።
«ይህን ወረቀት ላይ ትጽፊልኛለሽ?»
ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ።
አነበበው፤ ጠርሙሱን ጠቀለለበትና
ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ማታ እናቴ በጣቷ፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ፣ አለችኝ።
ጣቶቼን ጠላለፍኩ፤ ድርና ማግ።
ራሴን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩ፤ አይደለም።
ፈታኋቸው። ጡጫዬን ከጡጫዬ አጠገብ፣
የእሷን ጡጫ ለምኜ በላዩ ላይ።
አየችው፤ አሰበች።
ብርቱካን?