ባለቤቱ የት አለ?

ከከዚራ ዛፎች ማዶ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣
ፀሐይዋ ትገባለች እንጂ ሙቀቷ መች ይገባ!
አሥራ አንድ ተማሪ፣ አንዲት የምታቃስት ማራገቢያ፣
ይኸው ነው የማታው ክፍል፣ የእንግሊዝኛ መማሪያ።

«ራሱን የቻለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጠመኔው ተሰበረ።
ቀጠልኩ በስባሪው፦ «ይህ ያለ ድጋፍ የሚቆም፣ ሐሳቡን የቋጠረ፤
ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አለው፣ አራት ነጥብ ያርፍበታል።
ጥገኛው ግን ምስኪን ነው፣ ጅምር ሆኖ ይቀራል፤
እንደ ሰጡት ልብስ ከገመድ ተንጠልጥሎ
የሚያወርደውን ይጠብቃል፣ ‹መጡ አልመጡ› ብሎ።»

የቀፊራዋ ረምላ፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣
ሜትሯ ከአንገቷ፣ እርሳሷ ከጆሮዋ፣
ደብተሯን አቀበለችኝ፤ ገጹ ጢም ብሎ ተጽፎ፣
ሁሉም በ«ዌን» ተነሥቶ፣ ሁሉም ነጠላ ሰረዝ ላይ አርፎ፦

    ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመለስ፣
    አሮጌው ባቡር ጮሆ ጣቢያው ሲደርስ፣
    ጨርቄ ከጉምሩክ ሲለቀቅ፣
    ልጄ አድጎ ስለ አባቱ ሲጠይቅ፣
    ደቻቱ ሳይሞላ ከዳሩ ስነሣ፣

«እና?» አልኳት።
«እና ምን?»
«ሲመለስ ምን ይሆናል? ነገሩ አልተቋጨም እኮ።
ዓረፍተ ነገር ያሰኘው፣ ነገሩ ሲያርፍ ነው።
ይኼ መች ዐረፈ?»
«እኔስ መች ዐረፍኩ?» አለች።
ማራገቢያዋ ዞረች።

«ደግሞ በእኛ ቋንቋ» አለች «‹ሄደ› ካልን ይበቃል፤
ባለቤቱ የት አለ? ከግሱ ሆድ ተደብቋል።
አይታይም እንጂ አለ፤ እኛ ቤትም እንዲሁ ነው።»
«በእንግሊዝኛ ግን» አልኩ «ከፊት ካልቆመ የለም ነው።»
እዚህ ላይ ሳቀች፦ «ኧረ መምህር! እንግሊዝም እንደ ቀበሌ ጸሐፊው
‹ባለቤትሽ መጥቶ ይፈርም› ነው የሚለው?»
ባጃጁን ደጅ አቁሞ ያንቀላፋው ሊበን ሳይቀር
ነቅቶ ሳቀ። እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ከሰሌዳው ሥር።

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ነው ይሉ ነበር የኔታ፤
ያን ምሽት አንድ እርከን ከእግሬ ሥር ተፈታ።
ባለቤት፦ ባል፣ የንብረት ጌታ፣ የግስም አለቃ፤
ሃያ ዓመት ሳስተምረው ጆሮዬ መች ነቃ!

«እሱን ተዪው» አልኩ። «ድርጊቱን የሚሠራው ነው።
መኪናውን የሚረግጠው፣ ጨርቁን የሚሰፋው ማነው?»
«እኔ።»
«በይው እንግዲህ፦ ‹አይ›።»
«አይ?» አለች፤ የእኛን «አይ»፣ ልቅሶ ቤት የሚባለውን።
«እንደሱ አይደለም፤ እንደነሱ።»
«አይ!» አለች፤ ዋጋ የሰቀለ ደላላ የምትመልስበትን።
በዚህ መሐል መብራት ጠፋ፤ ድሬ ባንድ ጊዜ ጨለመች።
በሊበን ስልክ ብርሃን ጎንበስ ብላ ጻፈች፤
«አይ ሶው» የሚል ሁለት ቃል፣ እሰፋለሁ ማለቷ፤
በአንዲቷ ነጥብ ፈንታ አራቱን ደረደረች።

ማታ የደረቀውን ደቻቱን አቋርጬ ስጓዝ
ትዝ አለችኝ ያቺ የራሴ ነጠላ ሰረዝ፦
«ዝውውሬ ሲፈቀድ፣» ስል ስድስተኛ ዓመቴ፤
ከዚያስ ወዲያ? ብሎ የሚጠይቅ የለም ከቤቴ።

ሐሙስ ዕለት ደብተሯ ተመልሶ መጣ።
ያቺ የድሮዋ ጅምር፣ ከቦታዋ ሳትወጣ፣
ሰረዟም ሳትፋቅ፣ ከጎኗ ጎረቤት አግኝታ፦

    ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመለስ፣ እሰፋለሁ።

ጊዜው ትንሽ ያነክሳል፤ ላርመው ብዬ ብዕር አነሣሁ።
አራቱን ነጥብ ቆጠርኩ፤ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ።