እንጨት መሆን

ወገቤን ብሎ ነው የመጣ፤ ራጅ ቢነሣ ምንም የለ፤
ከክፍል ክፍል ሲያንከራትቱት
እኔ በር ደርሶ፣ ቆሞ፣ ዘግይቶ፣ «ልግባ ወይ?» አለ።

ኸይረዲን አባ ጊሳ። አርባ ስድስት። የሂርማታ አናጺ፤
ከአንድ ጉማጅ ዋንዛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አውጪ።
ብናኙ ገና ጥፍሩ ሥር ነው፤
እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተውሶ ዕቃ ተቀምጧል።

የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ፣ ከግንቦት ወዲህ እንዳመሉ፤
እኔም ከቅጹ በተራ በተራ፦
እንቅልፍ? «እተኛለሁ።» ምግብ? «እበላለሁ፣ ሲበሉ።»
ሥራ? «አንድ ቀን አልቀረሁም።»
ሐዘንስ? ወደ ጣሪያው አየ።
«ይሄ ዝናብ አሁን ይሰማሻል? እኔ ሲያባራ ነው የሚሰማኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።
ሁለት ዓመት ይበቃል ይላል መጽሐፉ፣
አብዛኛውን ቀን፣ የቀኑንም አብዛኛውን።
እሱ ግን መቁጠሪያ የሚሆን ዳር አጣ፦
«ልጄ ሳትወለድ... አይ። አባቴ ሳይሞት... አይ፤
አዌቱ ሞልቶ አጥራችንን የወሰደ ዓመት... ከዚያም በፊት።
እንግዲህ ጠባዬ ነው፣ ሲስተር።»

ጠባይ።
ስንቱን ሰው ቀበርን በዚህች ቃል፣ በቁሙ፣ በሥራው ላይ እንዳለ፤
«ቁጥብ ነው»፣ «ቻይ ነው»፣ «ሳቅ አያበዛም» እየተባለ።
እናቴንም።
(ይህ ካርዱ ላይ አይጻፍም።)

ከዚያ ቃል ፈለገ፤ በአማርኛ አጥቶ ወደ እናቱ ቋንቋ ዞረ።
«ሙካኡ» አለ፤ «ሲደብተን፣ ሲጨልምብን እንደዚያ ነው የምንል።
ሙካ ደግሞ እንጨት ነው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ስፈለፍል
ሁለቱን ቃል አንድ ቀን ጎን ለጎን አላኖርኳቸው።»
መዳፉን ገልብጦ አየው።
«እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ ቢጥሉት ይሰነጠቃል፣
ይጮኻል፤ ሰው ይሰማል።
በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ ግን
ድምፅ የለው። መልኩም ያምራል።
ገዢ እሱን ነው የሚመርጥ።»

ጻፍኩ። «ወገብ» ከሚለው ሥር፦ ሥር የሰደደ ድባቴ።
አጎንብሶ አነበበው፣ በጣቱ እየተከተለ።
«ሥር የሰደደ?» አለ፤ ፈገግታ ቃጣው፤ «ሥር ካለውማ...»
አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩት።

ቀጠሮ፣ በሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ።
ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ጥቂት አዳመጠ፤
ዞር አለና
«ወገቤስ?» አለኝ።