መያዝ

«ሁለት ሰዓት ያዘው፣ ጠብታም እንዳትለቅ፣
ሳትታጠብ አምጣው፣ ያለው እንዲታወቅ»
አለችኝ ፈንታነሽ ከላብራቶሪው ደጅ፣
ባለቢጫ ክዳን ብልቃጥ ሰጥታኝ በእጅ።
«ሌላ ጊዜ የመሃሉን ነበር የምንቀበል፤
ዛሬ የፊቱን ነው፣ ገና ብቅ ሲል።
የፊቱን ካፈሰስከው ምስክር የለንም።»
ስሙን ጠየቅኋት። ማይኮፕላዝማ ብላ
ሌላም ጨመረችበት፤ ኋለኛውን አልያዝኩትም።

ጨብጥ ስም አለው። መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ፣
ከዳሱ ሥር ሲቀለድበት ስንት ሌሊት ሰማሁ።
ቂጥኝም ስም አለው፤ ጎረቤታችን ጋሽ ደስታው
በሬያቸውን ሲቆጡ «ቂጥኛም!» ይሉት ነበር።
ይሄ ግን በእኛ አፍ ስም አልወጣለትም፤
ስድብ አይሆን፣ ቀልድ አይሆን፣ እርግማንም አይሆንም።
ሦስት ወር አቃጠለኝ። ክኒን ዋጥኩ፣ ተወኝ፤
ክኒኑ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ያዘኝ።
ስም ለሌለው ነገር ምን ብዬ አፌን ልክፈት?
ያልጋነሽን ምን ልበላት፣ ራት ላይ፣ ፊት ለፊት?

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነልኝም፤
ባጃጄን አስነሣሁ፣ ሰው ጭኜ ልግፋው ያንን ሁለት ሰዓት።
ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቅዳሜ ገበያ፣
ድንጋይ ንጣፉ ላይ ጎማው በነጠረ ቁጥር
ጥርሴን ነክሼ።
አንዲት እናት ተሳፈሩ፣ ሁለት ጄሪካን ይዘው፤
ከኋላዬ ውኃው ይንቦጫረቃል፣ ይንቦጫረቃል።
«ቧንቧችን ጠብ ካለ» አሉኝ፣ «ዘጠኝ ቀን ሆነው።»
«እማማ» አልኳቸው፣ «ስለ ውኃ አያንሱብኝ።»
ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው እሳቸውም አላወቁ።

«ያዘ» የሚባል ቃል ሳይከፍል አብሮኝ ዞረ።
ሽንት ይያዛል። ምስጢር ይያዛል። ቀጠሮ ይያዛል።
ዝናብ መንገደኛ ይይዛል፣ ትራፊክ ሹፌር ይይዛል።
በሠርጋችን ዕለት እጇን ስይዝ ቃሉ ይኸው ነበር፤
አምና መተማ፣ ከዚያ ቤት ስወጣም፣
ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ይዤ ነው የመጣሁ።

ሰዓቱ ሞላ። የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም፤
በአንድ እግሬ ደግፌ፣ እስከ መስመሯ ሞላሁ።
ብልቃጡ ሞቀኝ፣ ገና እንደተፈለፈለ ጫጩት፤
በመዳፌ ጨብጬ በመስኮቷ ሰጠኋት።
«የዛሬ ሳምንት ና» አለች። «የቤትህንም ሰው አምጣ፤
አንዱ ብቻ ቢታከም፣ ሌላው መልሶ ያቀብለዋል።»

ዘወር ስል፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣
ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣
ጉልበቷን ከጉልበቷ አጣብቃ የተቀመጠች ሴት።
ከነጠላው ሥር ቢጫ ክዳን ብቅ ብሏል።
በጫማዋ ነው ያወቅኋት፤
ተረከዙን እኔው ነበርኩ የሰፋሁት።

«ስንት ሰዓት ያዝሽው?»
«ሽንቱን ነው?» አለች፣ ቀና ሳትል።
«አንድ ሰዓት ተኩል።
ሌላውን ሦስት ወር።»

መንገዱን ሁሉ ያሰናዳሁት ወሬ ነበረኝ፣
ከመሃል የሚጀምር፤
ብርድ ይሆናል፣ የባጃጁ ወንበር ሙቀት ይሆናል የሚል።
በመስኮቱ ስም ተጠራ፤ ሌላ ሰው ነበር፣ ተነሥቶ ሄደ።
የፊቱን አወጣሁት።
መተማን፣ ያችን ሌሊት፣ የአጨዳውን ብር።

ዝም አለች። አንዲት ሕፃን በኮሪደሩ ሮጣ አለፈች።
ነጠላዋን ልታስተካክል ፈልጋ
ባዶውን ብልቃጥ ዘረጋችልኝ፣
«ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ቀዝቃዛ ነበር።
ግማሽ ሰዓት ይቀራታል።