አስራ ስድስት ላባ

ነጥብ ቆጣሪ ነኝ፤ ምስክርነቴ ከዚያ አያልፍም፤
ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም።

ፈርዋንያ ውስጥ፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣
አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አለ፤ ዓርብ ዓርብ የሚበርበት ላባ።
ከኬረላ ኤሌክትሪሻኑ፣ ከማኒላ ነርሷ፣ ከኮሎምቦ ሾፌሩ፣
ሁለት ሁለት ዲናር አዋጥተው የሳምንት ድካም በራኬት ሲያባርሩ።
ማቀዝቀዣው ይጠፋል። ውጪው አርባ ስምንት፣ ውስጡ ከዚያ ቢብስም፣
ላባ ለንፋስ ካደረች፣ ለመታት ክንድ አትታዘዝም።

ሉባባ ይመር የመጣችው ወለል ልትወለውል፣
በዕረፍቷ ቀን፣ ለሦስት ዲናር፣ ላብ በነጠበ ቁጥር ጎንበስ ስትል ልትውል።
አንድ ዓርብ የነርሷ ቁርጭምጭሚት ዞረ፤
ሰው ጎደለ፤ አዳራሹ ዙሪያውን አማተረ።
ሉባባ መወልወያዋን ከግድግዳው አስደግፋ
በካልሲ ገባች፣ የቀሚሷን ጫፍ በወገቧ ጠልፋ።

የመጀመሪያ ምቷ ድምፅ አልነበረውም፤
ላባዋ ከመረቡ ጫፍ ተንሸራታ ወደቀች፤ ሾፌሩ አልተነቃነቀም።
የት ተማርሽው? አልናት።
«ሰባት ዓመት መብራት ስወለውል» አለች፣
«ክሪስታል ነው፤ ከጣሪያ የተንጠለጠለ፤
አንጓሽ ካልላላ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደሞዝሽ ጎደለ።»

ከዚያ ወዲያ መዝገቤ የሷ ነው።
ሃያ አንድ ለአስራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ ለስምንት።
አምስት ዓመት የዓርብ ዋንጫ፣ ወርቅ የተቀባ ላስቲክ፤
አምስተኛው ላይ ስሟን የቀረጸው ሰው
«ቡባባ» ብሎ ፊደል ሳተ፤ እንዲያው ቀረ፤ ማን ሊያርመው።
ዋንጫዎቹ ከአልጋዋ ሥር ነበሩ፣ ከዱቄት ሳሙናው ካርቶን ጋር፤
እመቤቲቱ አይታ «ምንድን ነው?» ስትላት
«የኔ» ማለት ከብዷት፣ «የጓደኛ አደራ» ብላ ነበር።

ልማድ ነበራት። ከመጀመሯ በፊት
ላባዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሁለቴ እፍ ትላታለች፤
ቡሽ ላይ የተሰኩትን የዝይ ላባዎች
አንድ በአንድ በጣቷ ትቆጥራለች።
አስራ ስድስት ካልሞሉ አትመታም።
«የጎደለች ላባ ዋሽታ ትሄዳለች» ትላለች።

በስድስተኛው ዓመት፣ የፍጻሜው ማታ፣
ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ጌቶቹ ዘግይተው በሉ።
ደንቡ አስራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ተጋጣሚዎቿ ሰዓት ያያሉ።
በአስራ አራተኛው ገባች። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።
አስራ ስምንት ለአስራ ስምንት ላይ ጉልበቷ ቋ አለ፤
ከቁጥር ሰሌዳዬ ማዶ ሆኜ ሰማሁት።
ተነሣች። ሦስት ነጥብ በአንድ እግሯ ቆማ ተጫወተች፤
ሦስቱንም ተነጠቀች።
ጻፍኩት። እጄ ሌላ ቁጥር መጻፍ ፈልጎ ነበር።

አንድ ያልመዘገብኩት ጨዋታ አለ፤ ዳኛም አልነበረው።
በዚያ ቤት ጓሮ፣ የልብስ ገመድ መረብ ሆኖ፣
ከአዳራሽ የተጣሉ ላባዎችን በጆንያ እየወሰደች
የቤቱን ትንሽ ልጅ፣ ፈዋዝን፣ ከመግሪብ በፊት ታስተምረው ነበር።
በአረብኛ ትሰድበዋለች፣ በአማርኛ ታሞግሰዋለች፤
የስድቡን ብቻ እየገባው አደገ።

ዛሬ በልብስ ማጠቢያ ሱቅ ነን። እሷ ትተኩሳለች፤
እኔ ቲኬት እቆጥራለሁ፤ ዕጣዬ ቁጥር ነው።
ቴሌቪዥኑ ያን ልጅ አመጣው፤ ጢም አብቅሎ፣
የወጣቶች ሻምፒዮን ተብሎ።
ጋዜጠኛው ማን እንዳስተማረው ጠየቀ፤
የውጪ አሠልጣኙን ስም ጠራ። አባቱን አመሰገነ። በቃ፣ አለቀ።
ካውያው ኮሌታ ላይ ተንሿሿ።

ከዚያ የመጨረሻዋን ነጥብ ቀስ አድርገው ደገሙት።
ልጁ ላባዋን ወደ አፉ አስጠጋ።
ሁለቴ እፍ።
ጣቱ ዞረ፤ አብሬው ቆጠርኩ፦
አስራ አራት፣ አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት።

ወደ ሉባባ ዞርኩ። እንፋሎቱ መሀላችን ነበር፤
ፊቷን አላየሁም፤ ስለዚህ አልጽፍም።
ድምጿን ግን፦
«በግራው በኩል» አለች፣
«አሁንም ይቸኩላል።»