የጓሮው ክፍል

ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ ከባሕር ዳር ትንሽ ፈቀቅ፤
የሎጁ ወለል ፊት ያሳያል፤ የት ጫማዬን ልደብቅ?

እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ቁልፍ አኖረች፣
"ይሄ አባይን ያያል" ብላ ፈገግ አለች፤
"ሰገነት አለው፣ ከአልጋ ሳይነሡ ጉማሬ ያዩበት።"
"ያኛውስ?" አልኳት።
"ያኛው... ጓሮ ነው፤ ጄኔሬተር አለበት።"

ባንቺአምላክ ዝም ብላ ዋጋውን ታያለች፣
ለአሥረኛ ዓመታችን የጣልነውን እቁብ በጣት ትቆጥራለች።
እኔን ግን ያዘኝ ኩራት፤ የቡሬ ልጅ ሆኜ፣
አባይን ከአውቶብስ መስኮት ነው የማውቀው፣ ከሰው መሐል ታፍኜ።
"የወንዙን ስጪን" ልል አፌ ሲል ከፈት፣
ጉሮሮውን ጠረገ ዘበኛው ምንውየለት።

ሻንጣ አንሥቶ፣ ጠጋ ብሎ አለኝ፦
"ጌታው፣ አይቸኩሉ፤ አንዲት ነገር አለኝ።
ጉማሬ እንደ ሰው ሰገነት አይወድም፣
መብራት ካለበት፣ ካሜራ ካለበት ዝር አይልም፤ አይሄድም።
ሲመሽ ደንገሉን ገፍቶ፣ ለምለም ሣር ፍለጋ፣
ይመጣል ጓሮ ድረስ፣ እስከ ሽቦው ጠጋ።"

ጓሮውን ወሰድን።

ጄኔሬተሩ በአራት ሰዓት አስነጥሶ አንቀላፋ፤
ባንቺአምላክ እጄን ያዘች፤ ድምጿ ጠፋ።
ሲግጥ፣ ሲግጥ ሰማን፣ ከግድግዳው ማዶ፣
ስንዝር ከራስጌያችን፣ መሬቱን ተጭኖ፣ ከብዶ።

አላየነውም።

ጠዋት ምንውየለት በጣቱ አሳየን፤
ዱካው ውስጥ ጥቂት አባይ ተኝቶ አገኘን።